ፍሬን ውስጥ የገባው «ኖር»

መኪና ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲበላሽበት ጋራዥ ይወስዳል። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው። ቤቴ ውስጥ እጄ ያላረፈበት ዕቃ እንደሌለ ግን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጥሜዋለሁ። ገጥሜ ስጨርስ አንድ ብሎን ተርፎኝ ነበር። ማሽኑ ግን ያለ ብሎኑም ለዓመታት አጥቧል፤ ሲያጥብ ከኩሽና ወደ ሳሎን ትንሽ ትንሽ ከመጓዙ በቀር እንከን አልነበረውም።

ይህ የማወጋችሁ ነገር የደረሰው ሞባይል ስልክ የሀብታም መጫወቻ በነበረበት ዘመን፣ አምስተርዳም ኒው ዌስት ስኖር ነው። አንዲት ቀይ አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ሆላንድ ውስጥ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ አፔካ የሚሉት ምርመራ ታልፋለች። መርማሪው ከሥሯ ገብቶ አይቷት ሲወጣ ፊቱ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ፊት መስሎ ነበር። የፊት ፍሬን ሸራው አልቋል፤ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ጎማም ተሰነጣጥቋል፤ እነዚህ ካልተቀየሩ አትነዳም አለኝ። «የእጅ ፍሬኑም ደክሟል፤ እሱን ግን ለዘንድሮ አልፌዋለሁ» ብሎ ጨመረ።

የእጅ ፍሬኑን ነገር በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ሆላንድ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አገር ነው። ዳገት በሌለበት አገር የእጅ ፍሬን ለጌጥ ነው። ይህችን ቃሌን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈላለጋለን።

መኪናዋ ያን ሰሞን የተፈለገችው ለሽርሽር አልነበረም፤ ለትዳሬ ነበር። ሰናይትን ላገባ ነው። ሰናይት ዴን ሃግ ትኖራለች፤ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስቀምጥ ስለምትውል ቃል አታባክንም። ወላጆቿ በሕይወት ስለሌሉ እንደ አባት ሆነው የሚድሯት አጎቷ አቶ ኪዳኔ ናቸው። አቶ ኪዳኔ ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ የሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። አስመራ ተወልደው ወጣትነታቸውን አሰብ መንገድ ላይ የፈጁ፣ አማርኛቸው የእኔን የሚያስንቅ፣ ቀጠሮ ላይ ግን ከፈረንጅ የባሱ ሰው ናቸው።

እሳቸውም በሰናይት በኩል ልከውብኛል። «ሽማግሌ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይምጣ፤ ሰኞ አስመራ እገባለሁ፤ የምመለስበትን እግዜር ያውቃል» ብለው። በሌላ አነጋገር ያቺ እሁድ ካለፈች የትዳሬ ነገር የሚቆረጠው አቶ ኪዳኔ የአገራቸውን ናፍቆት ጨርሰው ሲመለሱ ነው። ሰናይት ደግሞ «እኔ ጠብቄ የማገባ ዓይነት አይደለሁም፤ እወቀው» ብላኛለች።

ባቡርስ የት ሄዶ ትሉኛላችሁ። ከሁለቱ ሽማግሌዎቼ አንዱ መምሬ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሞ የባቡር ጣቢያ ደረጃ አይሞክሩም። ሁለተኛው ጋሽ በላቸው ናቸው፤ የወጉ ባለቤት እሳቸው ስለሆኑ ጥቂት ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ በላቸው በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ቁመታቸው ከበር ይተርፋል። ጨዋነታቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይተርፋል። ተቀምጠው ሳለ ሰው ከመጣ «ኖር» ብለው ብድግ ሳይሉ አይቀሩም። ትልቅ ይምጣ ትንሽ፣ ሐበሻ ይምጣ ፈረንጅ፣ ለእሳቸው ልዩነት የለውም። አንድ ቀን አብረን ትራም ተሳፍረን በየፌርማታው ለሚገባው ሁሉ ሲነሱ ሲቀመጡ ቆይተው፣ በመጨረሻ ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ለእሱም ተነሱ። ሰውየው ሊያመልጡ መስሎት በሩን ዘጋባቸው። እኔ ግን ሽማግሌ አድርጌ የመረጥኳቸው በዚሁ ጠባያቸው ነው። ሽማግሌ የሴት ወገን ቤት ሲገባ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ቆሞ ነው የሚለምነው። በመቆም ደግሞ ጋሽ በላቸውን የሚስተካከል አላየሁም።

ቅዳሜ በጠዋት ከሕንፃው ፊት ለፊት መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት። ሸራውን ቀየርኩ፤ የዘይቱን ጎማም ቀየርኩ። እየዘፈንኩ ነው የሠራሁት። ስጨርስ ወንበሩ ላይ ጉብ ብዬ ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ሄደ። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ የረገጥኩ መሰለኝ።

አልደነገጥኩም። የፍሬን መስመር ሲከፈት አየር ይገባል፤ አየር ካለ ፍሬኑ ይልማል። ይህን የማያውቅ የለም። መድኃኒቱም ቀላል ነው። አንድ ሰው ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ጎማው ጋ ተንበርክኮ ትንሿን ብሎን ይከፍታል፤ አየሩ ከዘይት ጋር ተያይዞ ይወጣል፤ ብሎኑ ይጠብቃል። የሚረግጠው ሰው ያለበት ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ብሎኑ ሳይጠብቅ እግሩን አያነሳም። ካነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል።

ጓደኞቼ ቅዳሜን በሆቴልና በጽዳት ሥራ ያሳልፏታል። የሚገኝ እግር የጋሽ በላቸው ብቻ ነበር። በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሽዬ፣ አንድ እግርዎን ለትንሽ ጊዜ ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ሁለቱንም ውሰድ። ነገ በእነሱ አይደል የምለምንልህ» አሉና ኮታቸውን ደርበው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው መጡ።

«ይርገጡ ስልዎት ይረግጣሉ። ከዚያ እኔ እስክነግርዎት አይለቁም።»

«እኔ የያዝኩትን ለቅቄ አላውቅም» አሉኝ።

ጀመርን። እኔ ከጎማው ሥር ስለሆንኩ የማየው ብሎኑን፣ በብሎኑ ላይ የሰካሁትን ቀጭን ቱቦና የቱቦው ጫፍ የተነከረበትን ጠርሙስ ብቻ ነው። ይርገጡ እላለሁ፤ ረገጥኩ ይላሉ። ብሎኑን ስከፍት አረፋው እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። እሰየው እላለሁ። ደግመን ደጋግመን ሠራንና ተነስቼ ፍሬኑን ስሞክረው እንደ ጠዋቱ ወለል ነካ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘይቱን ነው። ብስክሌቴ ላይ ተፈናጥጬ ሄጄ አዲስ ዘይት ገዛሁ። ሻጩ ነገሩን ሰምቶ «ውስጡ አየር አለ» አለኝ። አየር መኖሩንማ እኔም አውቃለሁ፤ የጨነቀኝ ከየት እንደሚመጣ ነው። በአዲሱ ዘይት እንደገና ሞከርን። ወለል።

ቀጥዬ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ጠረጠርኩ። ፈታሁት፣ አገላብጬ አየሁት፣ ምንም ስላልገባኝ «ደህና ነው» ብዬ መልሼ ገጠምኩት። በዚህ ምክንያት ከበፊቱ የባሰ አየር ገባ፤ ብሎን ግን አልተረፈኝም፤ ይህም አንድ ዕድገት ነው። ቀትር ላይ የአገሩን አየር ራሱን ጠርጥሬ ነበር። ባሕር ዳር ያለ አገር አየሩ እርጥብ ስለሆነ ከመስመሩ ጋር ሳይጣበቅ አይቀርም ብዬ ለጋሽ በላቸው አስረዳኋቸው።

«ይሆናል። እኔንም ጉልበቴ ላይ ይጣበቃል» አሉ።

ይህን ስንባባል ከሦስተኛ ፎቅ ስልኬ ሲጮህ ተሰማኝ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ አነሳሁት። ሰናይት ናት።

«ፍሬኑ ሠራ?»

«እየሠራ ነው» አልኳት።

«እየሠራ ማለት ምን ማለት ነው? ፍሬን ወይ ይይዛል ወይ አይዝም።»

«ወደ መያዙ ነው።»

«ስማ፤ አጎቴ ዛሬ ሻንጣቸውን አስረዋል። ነገ ዘግይታችሁ ብትመጡ በሩን የሚከፍቱ እንዳይመስልህ። እናንተ ተጨማሪ ሳምንት ያላችሁ ይመስል...» አለች። ስልኩን ስዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። መኪናዬን ሳይሆን ሰናይትን ሳጣት ታየኝ፤ እውነቴን ነው።

ወርጄ ከጎማው ሥር ገባሁ። ይርገጡ አልኩ፤ ረገጥኩ አሉ። ብሎኑን ከፈትኩ፤ አረፋው በቱቦው ውስጥ ወረደ። ሊወጣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከላይ የሆላንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ማኽ ኒት።»

ማኽ ኒት ማለት አይፈቀድም ማለት ነው። ተናጋሪው ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ ሰፈሩን የሚጠብቀው ጎረቤታችን ኬስ ነው። መንገድ ላይ ዘይት ማፍሰስ ማኽ ኒት፤ በክሪክ መኪና ማንሳት ማኽ ኒት። እኔ ለመመለስ አፌን ሳልከፍት ጋሽ በላቸው ከመኪናው ውስጥ «ኖር» ሲሉ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ዓይኔ እያየ ያ ሊወጣ የነበረ አረፋ ፊቱን አዙሮ ሽቅብ ወደ መኪናዬ ተመለሰ።

ብቅ ብዬ ባይ ጋሽ በላቸው ከመኪናዋ ወጥተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ለኬስ በረንዳ እጅ ይነሳሉ።

ያኔ ልብ ሳልል ስሰማው የዋልኩት ነገር ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ያ መንገድ ቅዳሜ ወደ ገበያ የሚሄደው ሐበሻ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። የሰፈራችን ሴት ወይዘሮ አበበች ጋሪያቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ ኖር። አንዱ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋ ሲያልፍ ኖር፤ ለአባትየው አንድ፣ ለሕፃኑ አንድ። እኔ ከታች አየር ሳወጣ፣ ጋሽ በላቸው ከላይ በጨዋነታቸው ሲመልሱት ነው የዋልነው።

«ጋሽዬ፣ ፍሬኑን ረግጠው ሳለ ሰው ቢመጣ ባይነሱስ?» አልኳቸው በለሰለሰ ድምፅ።

ማተብህን በጥስ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። «ለመኪና ብዬ?»

«ለእኔ ብለው።»

«ነገ ሰው ፊት ቆሜ 'ልጃችን ከጨዋ ቤት የወጣ ነው' ልልህ አይደል? ዛሬ ወይዘሮ ቆማ እኔ እንደ ጉቶ ተጎልቼ ሰላም ካልኩ ነገ በየትኛው አፌ ልለምንልህ ነው?»

ሰውየው እኔን የሚያስከብሩኝ በዚያው ጠባያቸው ነው፤ ፍሬኔን የሚገድሉትም በዚያው ጠባያቸው ነው። መኪናዋን ሰው ወደማያልፍበት ወደ ሕንፃው ጓሮ ልገፋት አሰብኩ። መኪና ሲገፋ ያየ ሐበሻ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ለመግፋት የመጣው ሰው በጠዋቱ ካለፈው በለጠ፤ ጋሽ በላቸውም ለእያንዳንዱ ተነሱ። ስለዚህ ወደ ቦታችን ተመለስን።

ያዳነኝ ኬስ ነው። አሁንም ከበረንዳው ማኽ ኒት ሲል ጋሽ በላቸው ፊታቸው ተለወጠ። የአገሩን ሕግ አጥብቀው ይፈራሉ። አንድ ጊዜ በብስክሌት ያለ መብራት ሲሄዱ ፖሊስ ከያዛቸው ወዲህ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ሳያበሩ አይራመዱም።

«ጋሽዬ፣ እኮ ረስተነዋል። የሹፌር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ማሰር አለበት» አልኳቸው።

«መኪናዋ ቆማም?»

«እዚህ አገር ማኽ ኒት የማይባል ነገር አይተዋል?»

ወደ በረንዳው ቀና አሉ። አሰቡበት። ከዚያ ቀበቶውን ጎትተው አሰሩ። ውሸት ነው እንዳትሉኝ፤ እውነቱን ትንሽ ሳብ አድርጌ ነው።

ይርገጡ አልኩ፤ ረገጥኩ አሉ። ብሎኑን ከፈትኩ። እንደ ታዘዘ ሁሉ ወይዘሮ አበበች ከገበያ ተመለሱ። የጋሪያቸው እግር ሲንቋቋ ተሰማኝ። ጋሽ በላቸው «ኖር» ብለው ብድግ ሲሉ ቀበቶው ቀጨም አድርጎ ያዛቸው። ከወገባቸው በላይ ተነሱ፤ ከወገባቸው በታች ቀሩ። እግራቸውም ከነፍሬኑ ቀረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ አበበች፤ ሕግ ይዞኝ ነው።»

«በእግዜር፣ በእግዜር ይቀመጡ። ሕግማ ማንን ይለቃል» አሉ ወይዘሮ አበበች፤ አረፋው ወጣ፤ ብሎኑን አጠበቅኩ። እንዲሁ እያደረግን የፊት ጎማዎቹን ጨረስን። ፍሬኑን ስረግጠው ግንብ የረገጥኩ መሰለኝ። ጋሽ በላቸውን አቀፍኳቸው፤ ታስረው ስለነበር ማምለጥ አልቻሉም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መምሬን ከፊት፣ ጋሽ በላቸውን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ሮተርዳም ነዳሁ። ፍሬኔ እንዴት እንደሚይዝ ለማሳየት በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ያዝኩት። መምሬ በያዝኩ ቁጥር በመስቀላቸው የመኪናዋን ግንባር ይባርካሉ። ከተማው ስንገባ «ልጄ፣ ደረስን ወይስ ገና እየቆምን ነው?» አሉኝ።

የእኔ ዕቅድ ሽማግሌዎቹን በር ላይ አውርጄ መሰወር ነበር። ሙሽራ በሽማግሌ ቀን አይታይም። ያላሰብኩት አንድ ነገር አለ። ሆላንዶች ውሃው አገራቸውን እንዳይወስድባቸው አፈር ቆልለው ዳይክ የሚሉትን ግድብ ይሠራሉ። አቶ ኪዳኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጠፍጣፋ አገር መርጠው፣ ሻርሎይስ ውስጥ ወደ ዳይኩ በሚወጣው ዳገት ላይ ቤት ተከራይተዋል።

በራቸው ላይ አቆምኩ። ወዲያው ልሄድ ስለሆነ ሞተሩን አላጠፋሁም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናዋ እንዳልሰማ ሆና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ቀጥ አለች። ጋሽ በላቸው ወረዱ። መምሬ አንድ እግራቸውን አወጡ፤ ሁለተኛው ግን ጉልበቱ እምቢ ብሎ እውስጥ ቀረ። ልክ በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና አቶ ኪዳኔ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። እንግዳ በር ላይ የሚቀበሉ ሰው መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም።

ጋሽ በላቸውን ሰላም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መስኮቴ ጋ መጡ።

አማቴ የሚሆኑት ሰው ፊቴ ቆመዋል፤ እኔ ተቀምጫለሁ። ከተነሳሁ መኪናዋ የመምሬን አንድ እግር ይዛ ቁልቁል ትሄዳለች። ካልተነሳሁ ሰናይት ትሄዳለች። አሰብኩ ማለት አልችልም። ከወገቤ በላይ ተነሳሁ። ቀበቶው ያዘኝ፤ የቻልኩትን ያህል ጎንበስ ስል ግንባሬ መሪው ላይ አርፎ ጡሩምባው ጮኸ።

አቶ ኪዳኔ ወደ ጋሽ በላቸው ዞሩ። «ልጁ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አሉ ጋሽ በላቸው።

«አይነሳም እንዴ?»

በሕይወቴ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ጋሽ በላቸው እኔን አዩ፤ እግሬን አዩ፤ የመምሬን እግር አዩ። «ሕግ ይዞት ነው» ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ተናገሩ።

«አቶ ኪዳኔ፣ ትናንት ይህን ፍሬን ሲሠራ እኔ ነበርኩ የምረግጥለት። ላለፈ ላገደመው ስነሳ ውዬ ሥራውን ሁሉ አበላሸሁበት። ክፉ ቃል አልወጣውም። እንዳላፍር ብሎ ሕግ ነው እያለ በቀበቶ አስሮ አስቀመጠኝ፤ እኔም የገባኝ አልመሰልኩም። አሁን እሱ ከተነሳ መምሬ ይሄዳሉ።»

አቶ ኪዳኔ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ። በቃ፣ ሻንጣቸውን ሊያነሱ ነው አልኩ። መምሬም ጸሎት ጀመሩ።

ሲመለሱ አንድ ትልቅ ጡብ ይዘዋል። ከነሙሉ ልብሳቸው ተንበርክከው ከኋላ ጎማዬ ሥር ሸጎጡት፤ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። ከዚያ የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው ጠፍጥፈው፣ ዳገት ላይ እንደቆመ የጭነት መኪና ረዳት ድምፃቸውን ለቀቁት፦ «ታኮ ገብቷል።» አሰብ መንገድ ላይ ምን ይሠሩ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

መስኮቴ ጋ መጥተው «በል እግርህን አንሳ» አሉኝ። አነሳሁ፤ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ቀበቶውን ፈትቼ ወጣሁና «ኖር» አልኳቸው። ቆመው ሳለ ኖር አይባልም፤ ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም። ጉንጬን ሳሙኝ። «አንተ እዚሁ ቆይ፤ ሙሽራ ዛሬ አይገባም» ብለው መምሬን ደግፈው አስገቡ።

የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነበር። ጋሽ በላቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ሲሉ ሰማሁ።

«ጉዳያችሁን በር ላይ አይቼዋለሁ፤ ተቀመጡ» አሉ አቶ ኪዳኔ።

ማታ ለሰናይት በስልክ አንድ ሳላስቀር አወራሁላት። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ማርሽ አስገብተህ ሞተሩን ብታጠፋው መኪናዋ አትቆምም ነበር?»

«አጎትሽ እንዳይሰሙ» አልኳት።

ይኸው ስንት ዘመን፣ አልነገረችብኝም።